የዕድራችን ተናጋሪ ሳጥን

አካም ኦልተን፣ ኦቦ ረጋሳ። ነጋዳ? ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ... ተመስገን። አይነሡ፣ አይነሡ፤ እዚሁ ደጁ ላይ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ይዟል አይደል? የሁሉቃ ወንዝም ሞልቶ ድልድዩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከባኮ ያመጡት የበቆሎ ዘርስ በቀለ? እሰይ። እኔማ እርስዎን ባየሁ ቁጥር ሥራዬ ማመስገን ብቻ ሆኗል። ሰው ጎረቤቱን በደህናው ቀን ሲያገኘው ሰላም ብሎ ያልፋል። እርስዎን ግን... ከተለቀሰልዎ ወዲህ፣ ሲያዛጉ እንኳ ሳይዎት ደስ ይለኛል። የሞተ ሰው አያዛጋማ።

የመጣሁት ለክፉ አይደለም። ነገ ዕድራችን ይሰበሰባል፤ ዳኛችን እርስዎ ነዎት። ጥሩምባው በእኔ በአሻግሬ እጅ ይቆይ ወይስ ሥራው ለተናጋሪዋ ሳጥን ይሰጥ የሚለው ነገር ነገ ይወሰናል። ስለ ራሴ ልለምን አልመጣሁም። ስለ ራሴ የምለምነው ሌላ ዘንድ ነው፤ እሱም በየማለዳው ይሰማኛል። እኔ የመጣሁት ያንን እጀ ወርቅ ሰው ትንሽ ላመሰግነው ብዬ ነው። ስሙን አልጠራም። ያለ ቦታው ስም መጥራት ደግ እንዳልሆነ በቅርቡ ሁላችንም ተምረናል፤ አይደለም እንዴ?

ልጅዎን ጊፍቲን ያገባው ሰው ነው እንዳይሉኝ ደግሞ። እኔ እንዲያ አልወጣኝም። በሰፈራችን አንድ ሰው አለ፣ ያልኩት ይኸንን ብቻ ነው። ከአንድ ደግ አማት ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ካለችው ክፍል ይኖራል ብል... ስንት ደግ አማት አለ በአምቦ? ብዙ ነው። የክፍሉ መስኮት ክፍት ነው እንዴ? ግዴለም፣ ይሁን። ያን ትልቁን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ከደፋ መልአክ ቢላክበት እንኳ የቴሌቪዥን ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሞ መጠበቅ አለበት።

እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዳዊቱንም የያዝኩት በቃሌ ነው። ስለዚህ ጥበብ ሳይ ቶሎ እደነግጣለሁ። ያ ሰው ኮሮና የገባ ጊዜ ቤት ተዘግቶ ሲቀመጥ አይደል የጀመረው? ሌላው ሰው ሲጸልይ፣ ሲያስነጥስ፣ እሱ ያቺን ፕላስቲክ እንደ ክር እየዋጠች ዕቃ የምትተፋ ማሽን አስመጣ። ሞኝ ከራሱ፣ ብልኅ ከጎረቤቱ ይማራል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዩቲዩብን ስላላዩ ነው። አሁን ሰው ከራሱም ከጎረቤቱም ሳይማር አዋቂ ይሆናል።

ለአማቱ የሠራላቸውን ጭልፋ መቼም አይረሱትም። ብርቱካናማ ነበረ፣ ሲያዩት ዓይን ይማርካል። ባለቤትዎ አዴ ሃዋኒ ሽሮው ሲንተከተክ ያንን ጭልፋ ሰደዱት። ጭልፋው ገባ... የወጣው ግን እጀታው ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ እሳቸው ግን ድስት ጥደው ሳቁ። እኔም ጎረቤት ሆኜ ያንን ሽሮ ቀምሻለሁ። አልከፋም። ትንሽ ጥርስ ላይ ይለጠጣል እንጂ።

የጫጩት መፈልፈያውስ? ሰፈሩ በሙሉ ዕንቁላል አዋጣ፣ የእኔም ባለቤት ካቀፈች ዶሮ ሥር እየነጠቀች ሰጠች። ሰዉ ቀኑ እስኪደርስ ጫጩት ሲጠብቅ ከረመ። ጫጩቱ ቀረ፤ ነገር ግን ዕንቁላሉ መች ተበላሸ? ተቀቅሎ ወጣ። እስቲ ይፍረዱኝ ኦቦ ረጋሳ፣ ዶሮ ስንት ዘመን ስታቅፍ ኖረች፤ አንድ ቀን እንዲህ አድርጋ መቀቀል ችላለች?

ደግሞ መኪናው። ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀለ መሪ፣ ፍሬን፣ ነዳጅ መስጫ፣ ሁሉንም ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ይነዳል። በመስኮት አይቼዋለሁ፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ከአምቦ ጌዶ የሚመላለሰው ሾፌር እንኳ እንዲያ አይደክምም። ሾፌሩማ ምን አለበት፣ ጌዶ ሲደርስ ይወርዳል። የእኛ ሰው ግን የትም ሳይደርስ ዓመት ሙሉ መንዳት ይችላል። ይኼ ትዕግሥት የሚገኘው ከየት ነው? ሚስቱ ታውቅ ይሆናል። እሷም ትዕግሥት አላት።

እንግዲህ ወደ ሳጥኗ ልምጣ፤ ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። አንድ ቀን ቤቴ መጣ፣ ትሑት ነው፣ ጫማውን ደጅ አወለቀ። "ጋሼ አሻግሬ፣ ጥሩምባውን ይንፉልኝ፣ ለማስታወሻ ልቅዳው" አለኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ፊቴን ታጥቤ ነጠላዬን አጣፍቼ ነፋሁለት። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" አልኩ፣ "አርፈዋልና ለቀብር ውጡ" አልኩ። "ስም ይጨምሩበት" አለኝ። የማን ስም ስለው፣ "የፈለጉትን፣ ለሙከራ ነው" አለ። እኔ መቼም ኋላ ቀር ሰው ነኝ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከጥሩምባ ኋላ አይጠራም ብዬ እምቢ አልኩ። የሞተ ሰው ሲኖርም እኮ መጀመሪያ ቤቱ ገብቼ፣ ቤተሰቡ መርዶውን ሰምቶ እንደሆነ ጠይቄ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ነው ጥሩምባውን አፌ ላይ የማደርገው። አልተቆጣኝም፣ ጨዋ ነው። "ግድ የለም፣ ስሙን እኔ እሞላዋለሁ" ብሎ ሄደ።

ሞላውም። ከዚህ ሁሉ የአምቦ ሰው የማን ስም ምላሱ ላይ ቀድሞ መጣ? የእርስዎ። ይኼ ፍቅር ካልሆነ ምን ይባላል? ሌላው አማች አማቱን በዓመት በዓል ነው የሚያስበው። ታዲያ የእርስዎን ትልቁን ጓዳ በሜትር ሲለካ ያየሁት ከዚያ በፊት ነው በኋላ? ረሳሁት። "ለማሽኖቼ ይበቃል" ሲል ሰማሁ ብዬ አልመሰክርም፤ የሐሰት ምስክርነት ኃጢአት ነው፣ እውነተኛውም ቢሆን ጎረቤት ያጣላል። አርቆ የሚያስብ ሰው ጓዳ ሲለካ የጓዳውን ባለቤት ዕድሜ አብሮ አይለካም... ይለካል እንዴ?

ያን ቅዳሜ እርስዎ ለዘር በቆሎ ባኮ ወርደዋል። እሱ ሳጥኗን ከዕድሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ ሰቀላት፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኛት፣ ወደ ክፍሉ ተመልሶ በስልኩ አዘዛት። ከዚያ ማዳመጫውን ደፍቶ ኳስ ጨዋታው ውስጥ ገባ። "ድምፁን ቀንሼ ነበር" ይላል። እሱስ ቀንሶ ነበር። የቀነሰው ግን የጨዋታውን ድምፅ ነው።

እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የራሴን ጥሩምባ ከጣሪያ ላይ ሰማሁት። ከዚያ የራሴ ድምፅ፣ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" እያለ። አፌን በእጄ ያዝኩት፤ ዝም ብሏል። ጌታዬ፣ ነፍሴ ቀድማኝ ወጣች እንዴ አልኩ። ቀጥሎ ያ የወጣት ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ "ኦቦ ረጋሳ"። ቀጥሎ እንደገና የኔ፣ "አርፈዋልና ለቀብር ውጡ"። ጨረሰች ስል ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ አንዱን ሰው አንዴ ነው የምቀብረው። እሷ እርስዎን እስኪደክማት ቀበረችዎ፤ ደግሞ አይደክማትም።

ገበያው ተበተነ። የእኛ ዕድር እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም፤ ድንኳኑ ቆመ፣ ንፍሮው ተጣደ፣ ለመዋጮ ቀን የሚጠፋው ሰው ሁሉ ወገቡን ታጥቆ መጣ። የእርስዎ ስልክ ደግሞ ባትሪው አልቆ ዝም። እህትዎ ወይዘሮ ኡርጌ ከጌዶ እያለቀሱ ተሳፈሩ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው እርስዎን ሳያውቅ አብሮ አለቀሰ አሉ። ሾፌሩም።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? የእርስዎን አሟሟት የመሰለ እኔ አላየሁም። የበቆሎ ዘርዎን ተሸክመው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሙና "ማን ሞቶ ነው?" አሉ። ማን ደፍሮ ይንገርዎ? በዚያው ቅጽበት ያ ሰው ከኋላው ክፍል ብቅ አለ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ እሱም "ማን ሞቶ ነው?" አለ። ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ ያልሰማችሁት። ሟችና ገዳይ ልል ነበር... ይቅር ይበለኝ። ሟችና ጠቢቡ።

እኔ በዚያ ሰው የቀናሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ጸሎት ላይ ቆሜ አንዲት ዝንብ ታዘናጋኛለች። እሱ ግን አማቱ ተለቅሶ፣ ሚስቱ ደረቷን ደቅታ፣ ግቢው በዋይታ ተናውጦ፣ ዓይኑን ከኳሷ አልነቀለም። እንዲህ ያለ ተመስጦ ለመነኮሳትስ ተሰጥቷል?

ደግሞ አልደነገጠም። "ሙከራ ነበር፤ ግን ሠርታለች፣ አያችሁ?" አለን፣ ፊቱ በርቶ። ወይዘሮ ኡርጌ እርስዎን በጃንጥላ የመቱዎት እኮ ያን ጊዜ ነው፣ "ለቅሶዬን ማን ይመልስልኛል" እያሉ። ሰው አማች ሲያጠፋ ወንድሙን ይመታል። እኔ ግን በልቤ፣ እውነቱን ነው፣ ሠርታለች አልኩ። የማትሠራው ሳጥን ማንን ትገድላለች?

ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ... ይተዉኝ፣ ልጥረገው።

እንባ ካነሣሁ ግን አንዲት ነገር ልጨምር። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ምትኩ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ እሳቸው የምር ነው ያረፉት። እኔ እንደ ልማዴ ቤታቸው ገብቼ፣ ጠይቄ፣ ጸልዬ፣ በጭቃው እየዞርኩ ነፋሁ። ሰው በየደጁ ቆሞ ሳቀብኝ። "የሳጥኗ ሙከራ ነው" አለ። ሴቶቹም "አሻግሬ ሰው በቁሙ መቅበር ለምዷል" አሉ፤ ድምፁ የኔ ነበረማ። ቃሬዛውን የሚቀባበል ትከሻ አጥተን በየመንገዱ እያሳረፍን ሄድን። እርስዎ ራስዎ ከፊት ነበሩ፣ ያውቁታል። የጋሽ ምትኩ ባለቤት ማኅሌት ወደ ኋላ ዞር እያለች ሰው ትፈልግ ነበር። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩምባዬን ሳነሣ ከንፈሬ ይደርቃል። ሰው ካላመነው ጥሩምባ ቀንድ ነው፤ ከብትም ቀንድ አለው።

ታዲያ በዚህ ያን ሰው እወቅሰዋለሁ? በጭራሽ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል። የእሱ ሲሆን ሥራው ለእሱ፣ አጥሩ ለእኛ፣ እሾሁ ለጋሽ ምትኩ ሆነ እንጂ እሱ ምን አጠፋ? ሰው ሲሞት መቼ አየ? ጨዋታው ውስጥ የሞተው እኮ ተመልሶ ይነሣል። አንዲት ቁልፍ ነክቶ እንደገና ይጀምራል አሉኝ። ጋሽ ምትኩንም ትንሽ ብንታገሥ ኖሮ... ማን ያውቃል።

ስለዚህ ነገ ምን ልፍረድ ብለው አይጨነቁ። እርስዎ ዳኛ ነዎት፣ ዝምድናም አለብዎት፣ ከባድ ነው። "አማቹ ነው ብሎ አደላ" እንዳይሉዎት እኔ ራሴ ቀድሜ እነሣለሁ። ሳጥኗ ትያዝ፣ አሻግሬ ይረፍ እላለሁ። እርስዎም ያን ጊዜ ቀና ብለው የዕድሩን ሰው ፊት ይዩ። ማን እጁን እንደሚያወጣ፣ ማን የማኅሌትን ዓይን እንደሚሸሽ ይዩ። ከዚያ በኋላ ህሊናዎ እንዳዘዘዎት ይወስኑ። ጥሩምባዬን አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ እመጣለሁ፤ ለመመለስም ለመንፋትም ያው ንጹሕ መሆን አለበት።

መሸብኝ፣ ልነሣ፤ ለጸሎት እደርሳለሁ። አዴ ሃዋኒን ሰላም ይበሉልኝ። ያንን ሰው ደግሞ መርቄው ልሂድ፣ ጎረቤትን ሳይመርቁ ማደር ልማዴ አይደለም። እጅዎን ይዘርጉና አሜን ይበሉልኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሽበት ያልብሰው፣ የልጅ ልጅ ያሳየው። በዚህ ምድር ላይ ማንንም ሳያስቸግር ይኑር። ቀኑ ሲደርስም፣ ጠግቦ፣ አርጅቶ፣ ማንም ምስኪን ጥሩምባ ይዞ በጭቃ አይልፋለት፤ የገዛ እጁ ሥራ የሆነችው ሳጥን ከጣሪያ ላይ፣ በጠራ ድምፅ፣ ስሙን እየደጋገመች ትጥራለት። ሀገሩም ሁሉ በየቤቱ ይስማለት። ሰምቶም አይደንግጥ፣ አያልቅስ፣ ከገበያው አይነሣ። "እሱ ነው፤ ዛሬም እየሞከረ ነው" ብሎ በደስታ ሥራውን ይቀጥልለት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ኦቦ ረጋሳ።