የማህሌት ግንባር

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሹሩባ ካላመመ ተሠራ አይባልም ነበር። እዚህ ማላኪያ ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ ጓሮ በርጩማዬን አስቀምጬ ሥራ ስጀምር፣ የእኔን እጅ የሚያህል ጠንካራ እጅ በጁባ አልነበረም። ታዲያ አንዷ ተሠርታ ስትነሣ፣ “እትዬ ዘነቡ፣ ዐይኔ አልጨፈን አለኝ እኮ!” ትለኛለች። “እሰይ! እንግዲህ ወር ሙሉ አይላላም” እላታለሁ። እና ፓናዶልም አብሬ እሰጥ ነበር፣ ትሰሙኛላችሁ? ሁለት ፍሬ! አንዱን አሁን፣ አንዱን ስትተኚ። ራስ ምታቱን እኔው ሰጥቼ መድኃኒቱንም እኔው! ሰዉ ደግሞ “እትዬ ዘነቡ እኮ ደግ ናት” ይለኛል።

ማህሌት የእህቴ ልጅ ናት። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ትሠራለች፤ እና አለቃዋ “ጸጉርሽ ሁልጊዜ የተስተካከለ ይሁን” ስላላት፣ በየሁለት ሳምንቱ እኔ ዘንድ ትመጣለች። እኔም ሥጋዬ ናት ብዬ ከሌላው ሰው አስበልጬ አጠብቅላታለሁ፣ ዊጉንም እስከ ወገቧ እቀጥልላታለሁ። “አክስቴ፣ እዚህ ጋ ሽፍ ብሎብኛል፣ ግንባሬም የሰፋ መሰለኝ” ስትለኝ፣ “ማፊ ሙሽኪላ! ምንም አይደል፤ ሰፊ ግንባር የዕድለኛ ነው” እላት ነበር። አያችሁ ድፍረቴን?

ታዲያ ተዳረች። ሙሽራ የመልሱ ዕለት ሹሩባ ትሠራ የለ? ጠዋት ዊጉን ፈትቼ፣ ሹሩባውን ከግንባሯ ላስነሣ ብል፣ የሚነሣ ነገር የለም! ከጆሮ እስከ ጆሮ እንደ እንቁላል ምልጥ ብሏል። “ምነው ዝም አልሽ?” አለችኝ። “እያሰብኩ ነው” አልኳት። እና ምነው ባላሰብኩ! ከመሃል አናቷ ጀመርኩና፣ ከፊት የጎደለውን በዐይን ኩል ሣልኩት። አንድ በአንድ፣ ጸጉር በጸጉር! ከሩቅ ሲያዩት የሚያስቀና ሆነ።

ሃያ ዓመት ጁባ የኖርኩ ሴትዮ ሙቀቱን ረሳሁት፣ አይገርማችሁም? አዳራሹ በሰው ታጭቋል፣ እሷ ካባ ደርባለች፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ቀጥ! ማራገቢያው ቆመ። ታዲያ የማህሌት ጸጉር በጉንጯ ላይ ይወርድ ጀመር። አማቷ፣ ከሸሪካት ሰፈር የመጡት ወይዘሮ፣ ጠጋ ብለው አዩና፣ “ውይ በሞትኩት! የልጅቱ ጸጉር ቀለጠ!” ብለው ጮኹ። ሙሽራው ደንግጦ በሶፍት ጥርግ ቢያደርገው፣ ስንት ሰዓት የሣልኩት ሶፍቱ ላይ ቀረ። “ማን ነው የሠራት?” አሉ አማቷ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከሴቶቹ ግማሾቹ የእኔው ደንበኞች ናቸው፤ እና እያንዳንዷ ቀስ ብላ እጇን ወደ ገዛ ግንባሯ ስትልክ አየሁ።

ማህሌት አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሌላ ሰው ቢያደርገው እኮ እራገም ነበር፤ የገዛ እጄን ምን ልበለው? በሳምንቱ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ አገላብጦ አየና፣ “ሥሩ ያልሞተው ይበቅላል፣ የሞተው አይመለስም። ብቻ ይህን ጸጉር የሚጎትተውን ሰው ራቂ” አላት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ!

ግንባሯ መሃል ላይ እግዜር ይመስገን በቀለላት። ግራና ቀኙ፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ያለው ግን፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንደሄደ ቀረ። “ይቅር በይኝ” ብዬ ለመንኳት። “ይቅር ብዬሻለሁ፣ አክስቴ” አለችኝ፣ “ሴት ልጅ ከወለድኩ ግን፣ ራሷን እንዳትነኪብኝ።”

ወለደቻ! ሴት! አሁን ስሄድ ልጅቱን ታሳቅፈኛለች፣ ዐይኗን ግን ከጣቶቼ ላይ አታነሣም። ገና ጉም የመሰለ ጸጉር ነው ያላት፣ ምን እንዳላደርገው ነው? ታዲያ እኔም ምን አደርጋለሁ፣ እግሯን ስሜ እመልስላታለሁ። ሃ ሃ ሃ!