በረኪናና የጎረቤት ጥርስ

የሠፈራችን ልብስ ሰፊ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው መድኃኒት ቤቴ ሲገቡ ጥርስ ያመማቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ያመማቸው ቅናት ኖሯል።

«ልጄ፣ አፌን አቃጠለኝ። የሚያበርድ ነገር ስጪኝ» አሉ።

አፋቸውን ሳይ ድዳቸው ደም መስሏል፤ ምላሳቸው ዳር ዳሩን ተልጧል። የልብስ ማጠቢያ ሽታ ሸተተኝ።

«እትዬ፣ በምንድን ነው የተጉመጠመጡት?»

«በበረኪና። አትጩኺብኝ! በቆርኪ ለክቼ በውሃ አቅጥኜዋለሁ።»

«ማን መከረዎት?»

«ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ። ጥርሷን አይተሽ የለ? ስትስቅ ባለቤቴ አያትና ‹እንዴት ያለ ጥርስ ነው!› አለ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ስለኔ ጥርስ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። አንጀቴ አረረ። ሄጄ ጠየቅኳት፤ ‹ውሃ ውስጥ በረኪና ጠብ አድርጌ ነው የማነጣው› አለችኝ።»

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ጥርስ እኔም ቀንቼ አውቃለሁ። ቢሆንም የተማርኩትን መናገር ነበረብኝ።

«በረኪና ለልብስና ለወለል ነው፣ እትዬ። አፍ ውስጥ ሲገባ ድድ ይልጣል፣ ጥርስ ይጎዳል፤ ከተዋጠማ ጉሮሮ ያቃጥላል።»

«ለሷ ሲሆን ውበት፣ ለኔ ሲሆን መርዝ! አንቺም የሷ ወገን ነሽ?»

ይህን ሲሉ ፀጉር ሠሪዋ የራስ ምታት ክኒን ልትገዛ ገባች። የጎረቤቷን አፍ ስታይ ክው አለች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፤ እጇን አፏ ውስጥ ከተተችና የላይኛውን የጥርስ ድርድር እንዳለ አወጣችው። ጉንጯ ወዲያው ወደ ውስጥ ገባ።

«የማነጣው ይሄንን ነው፣ እህቴ» አለች፣ ቃሉ እየሾለከባት። «አውጥቼ፣ ብርጭቆ ውስጥ። በደንብ ሳላጥበው አፌ አይገባም። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። የራሴንማ ነጭ ይሁን ብዬ በሎሚና በአመድ ስፈትገው ሸረሸርኩት፤ ኋላ ተራ በተራ ተነቀለ። ክር በጥርስሽ ስትበጥሺ በመስኮት እያየሁ የምቀናው እኔ ነኝ!»

ልብስ ሰፊዋ የወጣውን ጥርስ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ልጄ?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

አፋቸውን በንጹሕ ውሃ ደጋግመው እንዲታጠቡ አድርጌ ወደ ጥርስ ሐኪም ላክኋቸው። ጠዋትና ማታ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና እንደሚበቃቸው ነገርኳቸው። ለማንጣት ቤኪንግ ሶዳ እንኳ ቢያምራቸው ቁንጥር ያህል፣ ያውም አልፎ አልፎ፤ ቁስል ማጠቢያውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይነኩት አስጠነቀቅኳቸው። ፀጉር ሠሪዋንም አልማርኳትም፤ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የተሠራ ማጽጃ ሰጠኋት፤ የምታደርገውንም ለሰው ስትናገር ሳትሸራርፍ እንድትናገር አደራ አልኳት።

ከወር በኋላ ቀሚሴን ላሳጥር ሄድኩ። የልብስ ሰፊዋ ድድ ድኗል፤ ጥርሳቸው እንደ ድሮው ቢጫ ነው። ስፌቱን ጨርሰው ክሩን ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ መለስ አደረጉትና መቀስ አነሱ።

«ጎረቤትዎ እንዳታይዎት ነው?» አልኳቸው።

«አይ፣ ልጄ» አሉ ክሩን እየቆረጡ። «በጥርሴ የሚቀና ሰው እንዳለ ካወቅኩ ወዲህ እየሳሳሁለት ነው።»