ድንጋዩን ከማውረድ በፊት

ከንፋስ መውጫ በታች ባለው ቁልቁለት መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባሱ ሲቆም፣ የጨርቅ ነጋዴው የሻፊ ልጅ ሀናን ወርዳ በእግሯ ወደ ኤክስካቫተሩ መጣች። ኦፕሬተሩ ካሣሁን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ይደግም ነበር። ክረምቱ ያላላው ትልቅ ድንጋይ ከገደሉ አፍ ላይ አዘንብሏል፤ አንስቶ መንገዱ ላይ ማሳረፍ የእሱ ሥራ ነው። ከመንገዱ በታች ደግሞ ከአልጋ የማይነሱት የእማሆይ ወለተ ሚካኤል ጎጆ አለች።

ልጅቱ አክብራ ሰላም አለችው፤ እሱም የአባቷን ደኅንነት ጠየቀ። መሐንዲስ መሆኗን ነግራው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያወርደው ጠየቀችው። በፍጥነት አውርዶ፣ መሬት ሊነካ ሲል እጀታውን ድንገት ለቆ ቀጥ እንደሚያደርገው ነገራት። በአገሩ የተመሰገነበት ሙያ ይኸው ነበር።

«ጋሼ ካሣሁን፣ እንደሱ አያድርጉ። እጀታውን ድንገት ሲለቁ፣ የማሽኑን ክንድ የሚያንቀሳቅሰውን ዘይት የሚያሳልፈው ቫልቭ በቅጽበት ይዘጋል። ድንጋዩ ግን ዘይቱን መግፋቱን አይተውም፤ መውጫ ያጣ ዘይት የሚሄድበትን የጎማ ቱቦ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ያኔ ክንዱ ድንጋዩን ይዞ ይወድቃል።»

«ይኼን ማን አየ?»

የክንዱን ክብደት፣ የዘይቱን ግፊትና የቫልቩን አዘጋግ በሒሳብ አስገብታ፣ ማሽኑን ኮምፒውተር ላይ እንደምታንቀሳቅሰው አስረዳችው።

«አባትሽ እንኳ ጨርቁን ይዞ ነው የሚለካ» ሲል ቀለደባት፤ «አንቺ የሌለ ማሽን ትለኪያለሽ?»

«አባቴ ሱቅ በር ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ከመቁረጡ በፊት በጠመኔ ያሰምራል። ጠመኔ ቢሳሳት ይራገፋል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። የእኔም ሥራ እንደዚያው ነው።»

ኮምፒውተሯን ከፍታ የድንጋዩን ክብደት በግምት አስገባች። ክንዱ በድንገት ሲቆም የግፊቱ መስመር ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ላይ እየተወዛወዘ ቆይቶ በረደ። ካሣሁን ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። ሰሞኑን የማሽኑ ክንድ በቆመ ቁጥር እንዲሁ ይንገጫገጭ ነበር፤ ፍርሃቱን ለሚስቱም አልተነፈሰም።

«ይኼን መንገጫገጭ ማን ነገረሽ?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ማንም። ሒሳቡ ነው። በዝግታ ሲዘጉት ደግሞ ይኸው።» መስመሩ ትንሽ ጉብታ ሠርቶ ተኛ።

ካሣሁን አማተበ። «እኔ በጸሎት ብቻ ልጀምር ነበር።»

«ይጸልዩ እንጂ። ግን ቱቦው ይታይ፤ እማሆይም ይውጡ። ሒሳቤም ሊስት ይችላል።»

ቱቦው ከመጋጠሚያው አጠገብ አብጦ ተገኘ፤ በትርፍ ቱቦ ተቀየረ። እማሆይን በቃሬዛ ሲያወጧቸው «ገና ሳልሞት ተሸከማችሁኝ» ብለው አጉረመረሙ። ካሣሁን እጀታውን ጥቂት በጥቂት እየመለሰ ድንጋዩን አሳረፈው።

በዝግታ መዝጋት ቱቦ ያቆያል፣ ማሽን ያሰነብታል፤ አስቀድሞ በሒሳብ መሞከርም ከሥር ያለውን ነፍስ ያድናል። ካሣሁን ከዚያ ወዲህ የማሽኑ ክንድ ትንሽ ከተንገጫገጨ ሥራውን አቁሞ ይናገራል። ፍርሃት ሲናገሩት ይመረመራል፤ ሲደብቁት ግን ቀኑን ጠብቆ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ከሥር ባለው ሰው ላይ ነው።