የጋዋኑ ቀኝ እጅጌ

(ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ልብስ ሰፊው አቶ አስናቀ ሳሎናቸው ውስጥ ወንበር ላይ ቆመው ከግድግዳ ትልቅ ፎቶ ያወርዳሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ የተወለወለ ጫማ ይዘው ከሥር ቆመዋል።)

የሻረግ፦ ውረድ እባክህ። ሽማግሌዎቹ ሐጂ ይመርና መሪጌታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ያንኳኳሉ፤ አንተ ገና ካልሲ እንኳ አላደረግህም። ይኸው ጫማህን ወልውዬ ማሰሪያውንም ላላ አድርጌልሃለሁ።

አስናቀ፦ ካልሲም ጫማም አላደርግም። ሽምግልናም አልሄድም። መጀመሪያ ይሄ ነገር ከግድግዳዬ ይውረድልኝ።

የሻረግ፦ ፎቶው ምን አደረገህ? ስምንት ወር የገባ የወጣውን ሁሉ ስታስጎበኝበት የከረምክ አንተ። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ልጅ እንኳ ሳታሳየው አልሸኘኸውም።

አስናቀ፦ እሱን ሳስበው ነው የሚያንገሸግሸኝ። ልጁ «ቆጣሪው የት ነው?» ይለኛል፣ እኔ «ልጄ መሐንዲስ ነው» እለዋለሁ።

የሻረግ፦ ታዲያ ምን አለበት? ልጅ ሲመረቅ ጋዋኑን አውልቆ ለአባቱ ያለብሳል፣ አባት ለብሶ ፎቶ ይነሣል፣ ፎቶው ይሰቀላል። የማን ቤት የሌለ ነገር ነው?

አስናቀ፦ መነጽርሽን አድርጊ።

የሻረግ፦ አድርጌያለሁ።

አስናቀ፦ የቀኝ እጅጌውን እዪው። ከጫፉ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ።

የሻረግ፦ አየሁት። ምን ሆነ?

አስናቀ፦ መጣፊያ አለው። ካውያ ረስቼበት የተቃጠለ ቦታ ነው፤ ጥቁር ክር ስላለቀብኝ በቡናማ ክር ጣፍኩት። የሻረግ፣ ይሄን ጋዋን ዩኒቨርሲቲው አልሰጠውም። በኔ መቀስ የተቆረጠ፣ በኔ መኪና የተሰፋ፣ ከኔ ሱቅ ቁምሳጥን የወጣ ጋዋን ነው።

የሻረግ፦ እነሱ ጋ አልቆ ይሆናላ። ተማሪው ብዙ ነው።

አስናቀ፦ እኔም እንደሱ ልበል ብዬ ነበር። ጠዋት የፎቶውን መስተዋት ልወለውል ስወጣ ነው ያየሁት፤ ወዲያው ደወልኩለት። «ምንተስኖት፣ ጋዋኑን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «አባዬ፣ እኔ አልተመረቅሁም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው የወጣሁት» አለኝ። ሰዓት እንደሚናገር ሰው፣ እንዲሁ ረጋ ብሎ። ዘጋሁበት።

የሻረግ፦ በቃ ነገረህ?

አስናቀ፦ «ነገረህ?» ነው የምትዪው? እኔ እኮ «ምን?» ብለሽ የምትጮሂ መስሎኝ ነበር።

የሻረግ፦ ውረድና ተቀምጠን እንነጋገር። የወንበሩ እግር ደህና አይደለም።

አስናቀ፦ ልውደቅ። የቁምሳጥኑን ቁልፍ አንቺ ነሽ የሰጠሽው?

የሻረግ፦ እኔ ነኝ።

አስናቀ፦ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የምረቃው ዕለት «የመግቢያ ወረቀቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እናትየው ትግባ፣ አንተ በር ላይ ጠብቀን» ብላችሁ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆማችሁኝ። ከውስጥ ጭብጨባ በተሰማ ቁጥር እኔም ውጭ ሆኜ አጨበጭባለሁ። ዘበኛው አይቶኝ ውሃ ሰጠኝ። አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?

የሻረግ፦ በጓሮው በር በኩል ሻይ ቤት አለ። እዚያ ተቀምጠን ነበር። ልጁ ሻዩን አልነካውም፤ እኔም አልወረደልኝም።

አስናቀ፦ ሻይ አልወረደልሽም። እኔ ላይ ይሄን ሁሉ ስታወርጂ ግን አልከበደሽም።

የሻረግ፦ ከብዶኛል። አንተ ግን በግ ገዝተህ ነበር፣ ዕድሩን ጠርተህ ነበር። በግ አስሮ የቆመን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው?

አስናቀ፦ አሁን ቋቅ የሚለኝ ምኑ እንደሆነ ልንገርሽ? የሱ ውሸትም ያንቺ ውሸትም አይደለም። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ስፌቴን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳብሼ የማውቅ ሰው ነኝ። ያ መጣፊያ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ ስምንት ወር አላየሁትም። ለምን ይመስልሻል?

የሻረግ፦ እርጅና ነዋ።

አስናቀ፦ እርጅና አይደለም። እጅጌውን መች አይቼው፤ ፊቴን ነው ሳይ የከረምኩት። ቆቡን ደፍቼ፣ ከንፈሬን ሰብስቤ፣ እንደ ሹመኛ ተኮፍሼ። ልጁ አጠገቤ መኖሩንም ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። ስጠላ።

የሻረግ፦ ሰው ሆኖ ከስህተት፣ እንጨት ሆኖ ከጭስ አያመልጥም።

አስናቀ፦ በጭሱ ግን የኔ ዓይን ብቻ ነው የጠፋው። የሰው ልጅ የሚመረቅበትን ጋዋን ስሰፋ ኖሬ፣ የራሴ ልጅ ለውሸት ለበሰው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ልጅ ማሳደግ ምን መስሎኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ለክተሽ፣ ቆርጠሽ፣ ሰፍተሽ፣ ተኩሰሽ «ይኸው» ብለሽ የምትሰቅዪው።

የሻረግ፦ ሱቅህ ለሚማሩ ልጆች «አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንዴ ቁረጡ» ትላለህ። ይሄን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሳትለካው ነው የቆረጥከው።

አስናቀ፦ እኔ?

የሻረግ፦ አንተ። ሊነግርህ መጥቶ ነበር እኮ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ውጤቱ ተበላሽቶ ከወጣ በሳምንቱ ሱቅ መጣ። የአንድ ወፍራም ሰውዬ ሱሪ ትለካለህ። «ይኸውላችሁ፣ የኔ መሐንዲስ መጣ» አልክና የሜትሩን አንድ ጫፍ አስያዝከው። ያዘልህ። ለክተህ ስትጨርስ «ትምህርት እንዴት ነው?» አልከው፤ «ደህና ነው» አለህ። ማታ እኔ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አደረ።

አስናቀ፦ «ደህና ነው» በል ብሎ ማን አስገደደው?

የሻረግ፦ ሰውዬው ቆሞ ነበራ። ሸሚዙን ሰብስቦ ይዞ «እግዜር ይባርከው፣ መሐንዲስ ማግኘት ቀላል ነው?» እያለ።

አስናቀ፦ አስታወስኩት። ያ ሰውዬ ሱሪውንም ሳይወስድ ቀረ።

የሻረግ፦ በል አሁን ውረድ። የሆነው ሆኗል። ዛሬ ለምንተስኖት የጠየቅናት የመክሊት አባት አቶ ውብሸት መልስ የሚሰጡበት ቀን ነው። ካልሄድክ «ሽማግሌው ቀረ፣ ናቁን» ብለው የልጅቷ ነገር እዚያው ያበቃል።

አስናቀ፦ ያብቃ። ሄጄ ምን እላለሁ?

የሻረግ፦ መጀመሪያውኑ ማን ሂድ አለህ? አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ የት ታይቷል? «ሌላ ሰው አሳምሮ አይናገርለትም» ብለህ መሐል ገባህ።

አስናቀ፦ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ።

የሻረግ፦ አንተማ ሙሉውን እንጀራ ነው ያነሣኸው።

አስናቀ፦ ድልድዩን ነው የምትዪኝ?

የሻረግ፦ የምን ድልድይ?

አስናቀ፦ አልነገርኩሽም እንዴ? ለጥያቄ የሄድን ዕለት እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ሐጂ ይመር ጀመሩ፤ «ጨዋ ልጅ ነው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው» ብለው ሊጨርሱ ሲሉ ቀደምኳቸው። «ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው» አልኩ። ሐጂ ዞረው አዩኝ። ድልድዩን ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የሻረግ፦ አቶ ውብሸትስ ምን አሉ?

አስናቀ፦ ምንም። ሳል ሳል አደረጋቸውና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ትሕትና መስሎኝ ወደድኳቸው።

የሻረግ፦ መሬት ነው ያዩት?

አስናቀ፦ እኔም አቀርቅሬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሲያቆሙን እግሬ ዝሎ ወለሉን ሳይ ቆየሁ። ያን የመሰለ ንጣፍ በዕድሜዬ አላየሁም። ሴራሚኩ ከሴራሚኩ የሚጋጠምበት መስመር አንድ ክር ቢያክል ነው። ዓምዱ ሥር ሲደርስ አበባው ሳይቆረጥ ዞሮ ከአበባው ይገጥማል። እኔ እንኳ ኮሌታ ሳዞር ትንሽ ይዛነፍብኛል። ስንወጣ ለሐጂ ይመር ምን እንዳልኳቸው ታውቂያለሽ?

የሻረግ፦ ምን አልካቸው?

አስናቀ፦ «ይሄን ያነጠፈ ልጅ አባት ሌሊት ተኝቶ ያድራል» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ልጅም አለ። የኔው ደግሞ «ኮምቦልቻ ፕሮጀክት ላይ ነኝ» እያለ የት ተጋድሞ እንደሚውል እንጃ። ጫት ቤት ይሆናል።

የሻረግ፦ ጫት አይቅምም። ይሠራል።

አስናቀ፦ ምን ይሠራል?

የሻረግ፦ በእጁ ይሠራል። ሦስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሁለት ሰው ቀጥሯል።

አስናቀ፦ በእጁ ምን?

የሻረግ፦ ውረድና እነግርሃለሁ።

አስናቀ፦ ይኸው ወረድኩ። ያዢው ፎቶውን። በእጁ ምን ይሠራል?

የሻረግ፦ ሴራሚክ ያነጥፋል።

አስናቀ፦ የት?

የሻረግ፦ የተጠራበት ሁሉ። ክረምት ላይ ሁለት ወር ሙሉ አቶ ውብሸት ቤት ሲያነጥፍ ከረመ። መክሊትን ያያትም እዚያው ነው፤ ምሳ የምታቀርብለት እሷ ነበረች።

አስናቀ፦ ቆዪ። የትኛው አቶ ውብሸት?

የሻረግ፦ ስንት አቶ ውብሸት አለን? የቆምክበት ወለል ነው አስናቀ። «ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው» ስትላቸው የልጅህ ንጣፍ ላይ ቆመህ ነበር።

አስናቀ፦ ሰውዬው ያውቃሉ ማለት ነው።

የሻረግ፦ ያውቃሉ። ሚስታቸውም ልጅቷም ያውቃሉ።

አስናቀ፦ እና ዝም ብለው ሰሙኝ?

የሻረግ፦ ሰሙህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ሚስትየው ሊናደዱ ሲሉ፣ አቶ ውብሸት «ተያቸው፤ ደስ ካላቸው መሐንዲስ ይበሉት። እኔ ልጄን የምሰጠው ይሄን ወለል አይቼ ነው» አሉ። መክሊት ናት የነገረችኝ።

አስናቀ፦ አዘኑልኝ። ቢስቁብኝ ይሻል ነበር። እንደ ሕፃን አባብለው ነው የሸኙኝ፤ ስወጣ እስከ በር ድረስ ክንዴን ይዘውኛል። እኔ አክብሮት መስሎኝ። ራሴን ተጸየፍኩት የሻረግ፣ የእውነት ነው የምልሽ።

የሻረግ፦ ተጸየፈው። ሲወጣልህ ይሻልሃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አስናቀ፦ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም? ሁለታችሁም?

የሻረግ፦ ሴራሚክ አንጣፊ ልጅ ነው ያለህ ብንልህ ምን ትል ነበር? እውነቱን ተናገር።

አስናቀ፦ «ወዛደር ሆኖ ቀረ» እል ነበር።

የሻረግ፦ አየህ።

አስናቀ፦ ያን ጥግ፣ ያን ዓምድ ሥር ያለውን፣ እሱ ነው የቆረጠው?

የሻረግ፦ እሱ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ ብሎኛል። ሲለካ ቆይቶ፣ ሲለካ ቆይቶ። «ከአባዬ የተማርኩት ነው» አለ፤ «አሥር ጊዜ ለክቼ ነው የቆረጥኩት።»

አስናቀ፦ እንዲህ አለ?

የሻረግ፦ እንዲህ አለ። በር እየተንኳኳ ነው፤ ሐጂ ይመር ናቸው። ምን ልበላቸው? ትሄዳለህ ወይስ «አሞታል» ልበል?

አስናቀ፦ በዚህ ቤት ከእንግዲህ አንድ ውሸት አይጨመርም። ፎቶውን ውሰጂና ከጋዋኖቹ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፊበት፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሆናል።

የሻረግ፦ ልጁንስ? ስልኩን ዘግተህበት ከጠዋት ጀምሮ እህል የቀመሰ አይመስለኝም።

አስናቀ፦ ለሱ ገና አልበረደልኝም። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አጨብጭቤያለሁ። ስመለስ እንገናኛለን በዪው።

የሻረግ፦ እዚያስ ምን ልትል ነው?

አስናቀ፦ ድልድዩን አፈርሳለሁ። ልጄ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፣ ሥራውም ከእግራችን ሥር ነው እላለሁ። ከዚያ ቢሰጡን ይስጡን።

የሻረግ፦ እሺ፣ በል እንካ ጫማህን። ሽማግሌዎቹን በር ላይ አናቁማቸው።

አስናቀ፦ እሱን ተዪው፤ ማሰሪያ የሌለውን አምጪልኝ። አቶ ውብሸት በር ላይ አውልቄ ነው የምገባው፤ ያን ወለል ሁለተኛ በጫማ አልረግጠውም።