ብዕር የማይጽፍበት ካርድ

(ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብላ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት፤ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ይመር የልጃቸውን የውባለምን የሰርግ ካርድ ሊያሳትሙ መጥተው፣ የቤቱ ባለቤትና የድሮ ተማሪያቸው ደብሪቱ የወረቀት ናሙና ስታቀርብ እሳቸው ሲመልሱ አንድ ሰዓት አልፏል።)

ጋሽ ይመር፦ ይሄንንም አንሺው። ሌላ አምጪ።

ደብሪቱ፦ ጋሼ፣ ገና እኮ በደንብ አላዩትም።

ጋሽ ይመር፦ ነካሁት አይደል? ወረቀት በጣት ነው የሚመረጠው። ሻካራ ነው።

ደብሪቱ፦ ጥጥ ስላለበት ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዲዛይነሮች እየተሻሙ የሚወስዱት እሱን ነው። ውፍረቱ ሦስት መቶ ግራም ነው። እስቲ በጥፍርዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ድምፁ ራሱ ከሌላው ይለያል።

ጋሽ ይመር፦ በር ሳንኳኳ ልውል ነው የመጣሁት? ይልቅ ንገሪኝ፣ ብዕር ይጽፍበታል?

ደብሪቱ፦ እንዴታ። ቀለሙን ጥርግ አድርጎ ነው የሚጠጣው።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲያው አንሺው አልኩሽ።

ደብሪቱ፦ ቅድም ባለ መስመሩንም ብዕር ይጽፍበታል ወይ ብለው ጠይቀው፣ አዎ ስልዎ መለሱት። ክሬሙንም እንደዚያው። ከአሁን በኋላ አይጽፍበትም እያልኩ ልዋሽ እንዴ?

ጋሽ ይመር፦ አትዋሺ። የእውነት የማይጽፍበትን አምጪ።

ደብሪቱ፦ ጃንጥላ ሊገዛ ገብቶ ዝናብ የሚያስገባውን ስጡኝ የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ።

ጋሽ ይመር፦ የልጄ ካርድ ነው፤ እንዲያምር ነው የምፈልገው። የሚያንሸራትት ይሁን። ዝንብ ብታርፍበት አዳልጧት ወገቧ የሚሰበር።

ደብሪቱ፦ እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ይቺን ይሞክሩ። ወረቀት አይደለችም፣ ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክ ናት። ጽሑፉ በነጭ ይታተምባታል። ባለፈው አንድ ሆቴል ለምረቃው አሳትሞባታል።

ጋሽ ይመር፦ ብዕርስ?

ደብሪቱ፦ ባለ አልኮል ማርከር ይይዝባታል።

ጋሽ ይመር፦ እሷንም አንሻት።

ደብሪቱ፦ ኧረ ጋሼ፣ ወረቀት ጨረሱብኝ። ይሄው የመጨረሻው። ጥቁር ነው፤ በላዩ ላይ ላሚኔሽን፣ ማለት ስስ የላስቲክ ሽፋን አለው፣ ቬልቬት ይሉታል። ሲዳስሱት የኮክ ልጣጭ ይመስላል። ጽሑፉን በፎይል፣ በሚያብለጨልጭ የወርቅ ቀለም፣ እንመታበታለን።

ጋሽ ይመር፦ እሰይ። ካርድ ማለት ይሄ ነው። ቀይነቱም ደስ ይላል።

ደብሪቱ፦ ጥቁር ነው አልኩዎ።

ጋሽ ይመር፦ ጥቁሩን ነው ያልኩት። ወደ ቀይ የሚሄድ ጥቁር ነው።

ደብሪቱ፦ ይሁን። ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ይሄ ስክሪብቶ አይዝም። ነጭ ቀለም ያለው ብዕር እንኳ ቢያመጡ፣ ደረቀ ሲሉት በጣት ይጠረጋል። የእንግዳውን ስም በምን ሊጽፉ ነው?

ጋሽ ይመር፦ እስቲ ሞክሪው።

ደብሪቱ፦ ይሄው፣ “ለክቡር” ብዬ ጻፍኩ። ቆይ ይድረቅ… ይሄው ጠረግኩት። ክቡርነቱ ጣቴ ላይ ቀረ።

ጋሽ ይመር፦ ግሩም ነው። ሦስት መቶውንም በዚህ አድርጊልኝ።

ደብሪቱ፦ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰርግ ካርድ ላይ ስም የሚጽፈው ማን ነው?

ጋሽ ይመር፦ ብዙ ሰው ይጽፋል።

ደብሪቱ፦ ብዙ ሰው ይሞክራል። የእኔን የሰርግ ካርድ ማን ጻፈው? እናቴ እስከ ዛሬ ከፎቶ ጋር አስቀምጣዋለች። እትዬ ዘውዴ ልጃቸውን ሲድሩ እርስዎ ጉንፋን ይዞዎት ተኝተው፣ ስሙን እሳቸው ራሳቸው ቢጽፉት፣ ግማሹ ዘመድ “በትርፍ ካርድ ተጠራን” ብሎ ቀረ አይደል? ሥጋው ለሁለት ሳምንት ተበላ።

ጋሽ ይመር፦ ሥጋ መትረፉ ምን ክፋት አለው።

ደብሪቱ፦ አሁን የራስዎ ልጅ ልትዳር ሦስት ሳምንት ቀርቷት፣ አገሩ በሙሉ የጋሽ ይመርን የእጅ ጽሑፍ ሲጠብቅ፣ እርስዎ ቀለም የሚያባርር ወረቀት ይመርጣሉ።

ጋሽ ይመር፦ ወረቀቱ እምቢ ካለ እኔ ምን ላድርግ? ሰውም ይረዳኛል። “ይመር ሊጽፍ ፈልጎ ነበር፣ ዘመናዊ ወረቀት ሆነበት” ይላል። ስሙን በኮምፒውተርሽ አትሚው።

ደብሪቱ፦ መልካም። የስም ዝርዝሩን ይስጡኛ።

ጋሽ ይመር፦ በጭንቅላቴ ነው ያለው።

ደብሪቱ፦ ሦስት መቶ ሰው?

ጋሽ ይመር፦ ከነአያታቸው።

ደብሪቱ፦ ለምን ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም?

ጋሽ ይመር፦ ወረቀት አጣሁ።

ደብሪቱ፦ በመምህር ቤት?

ጋሽ ይመር፦ አንቺ ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍልም ጥያቄ ታበዢ ነበር።

ደብሪቱ፦ እርስዎም መልስ ሲያጡ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር፤ አሁን እንዳዞሩት።

ጋሽ ይመር፦ ነፋስ ፈልጌ ነው።

ደብሪቱ፦ እሺ፣ ተውት። ፎይሉ ፊደል ላይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እንዲያዩ አንድ ያለቀ ናሙና ልስጥዎ። ይሄን ያንብቡልኝ፤ ፊደሉ ካነሰብዎ እናሳድገዋለን።

ጋሽ ይመር፦ አምጪው። እህ… “ልጆቻችን በፈጣሪ ፈቃድ የጋብቻቸውን ሥነ ሥርዓት ስለሚፈጽሙ፣ በዕለቱ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።” ጥሩ አማርኛ ነው። ፊደሉም አይከፋም።

ደብሪቱ፦ የሙሽሮቹስ ስም?

ጋሽ ይመር፦ የሙሽሮቹ ስም… አላውቃቸውም። የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው።

ደብሪቱ፦ ጋሼ።

ጋሽ ይመር፦ አቤት።

ደብሪቱ፦ የያዙት የዶሮ መኖ ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው።

ጋሽ ይመር፦ የምን ዶሮ?

ደብሪቱ፦ “ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች። ከእርጥበት ይጠብቁ” ነው የሚለው። መሃሉ ላይ ትልቅ ዶሮ አለች። እሷም ተዘቅዝቃለች፤ ገልብጠው ነው የያዙት።

ጋሽ ይመር፦ ከእርጥበት ይጠብቁ ማለት ለሙሽሮችም ቢሆን ክፉ ምክር አይደለም።

ደብሪቱ፦ ቀልዱን ይተዉትና ይንገሩኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጋሽ ይመር፦ በሩ ክፍት ነው?

ደብሪቱ፦ ዘጋሁት። ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማንም የለም።

ጋሽ ይመር፦ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ። መሃሉ ጠፋ፣ ዳር ዳሩ ቀረ። አሁን አንቺን ጆሮሽን አየዋለሁ፣ ጉትቻሽንም ጭምር፤ ፊትሽ ላይ ግን ጭጋግ ነው። ሐኪሙ ከዓይንህ ጀርባ ያለው ስስ ነገር አርጅቷል፣ መነጽርም አይመልሰውም አለኝ። ሰውን የምለየው በድምፁ ነው። ዝም ካለ አለቀልኝ። በቀደም ልብስ ሰፊው በር ላይ ለቆመው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ ነሳሁ። ቤተሰቡን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅኩት።

ደብሪቱ፦ ምን አለዎት?

ጋሽ ይመር፦ ምን ይለኛል፣ ዝም። ኩራቱ ገርሞኝ ተቀይሜው ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ ሳብሰለስል ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ባልፍ፣ ያው ቦታ፣ ያው ኮት።

ደብሪቱ፦ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ጋሽ ይመር፦ ሳቂ። እኔም ብቻዬን ስሆን እስቅበታለሁ። ለውባለም ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።

ደብሪቱ፦ ልጅዎ አይደለችም እንዴ? ለምን ይደብቋታል?

ጋሽ ይመር፦ ልጄ ስለሆነች ነዋ። እናቷ የታመመች ጊዜ ሰርጉን ሁለት ዓመት አስተላለፈችው። እጮኛዋ ጨዋ ሆኖ ጠበቃት። አሁን ሐዋሳ ቤት ተከራይተው፣ መጋረጃ ሰቅለው፣ ሥራዋን ወደዚያ አዛውራ ጨርሳለች። አባቴ ዓይኑ ደከመ ካለች አትሄድም፤ አውቃታለሁ። ሻንጣዋን ፈትታ እኔን እየመራች ስትዞር ነው የምትኖረው። ፈራሁ ደብሪቱ። ከዓይኔ መጥፋት ይልቅ የፈራሁት እሱን ነው። ካርድ ስጽፍ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጠገቤ ቁጭ ብላ ማየት ትወዳለች። አንድ ስም ሳልጨርስ ትነቃብኛለች።

ደብሪቱ፦ ለዚህ ነው ቀለም የማይዝ ወረቀት ፍለጋ የመጡት።

ጋሽ ይመር፦ ሰበቤ ወረቀቱ ይሁን ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ እፎይ።

ጋሽ ይመር፦ ምኑ ነው እፎይ የሚያሰኘው?

ደብሪቱ፦ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄን ከአፍዎ ለመስማት ስጠብቅ ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ያላሳየሁዎ ካርድ አለ።

ጋሽ ይመር፦ ብዕር ይጽፍበታል?

ደብሪቱ፦ አዎ።

ጋሽ ይመር፦ እስካሁን ለግድግዳው ነው የምናገረው?

ደብሪቱ፦ እጅዎን ይስጡኝ። ይንኩት ብቻ።

ጋሽ ይመር፦ ያ ጥጥ ያለበት ነው። ቅድም መልሼዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ወረቀቱ እሱ ነው። ወደ ታች ይውረዱ… ትንሽ ወደ ግራ… እዚያ ጋ።

ጋሽ ይመር፦ ይሄ ምንድን ነው? ክር የመሰለ ነገር ተነስቷል። ከሥሩም ሌላ አለ። ማሽንሽ ወረቀቱን አጨማዶታል።

ደብሪቱ፦ አላጨማደደውም። ከጀርባው በቅርጽ ተጭኖ፣ ያለ ቀለም፣ ወረቀቱ ራሱ ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው። ኢምቦስ እንለዋለን። የግራ ጣትዎ በታችኛው መስመር ላይ ይሄዳል፣ ብዕሩ ደግሞ በሁለቱ መሃል። ዓይን አያስፈልገውም።

ጋሽ ይመር፦ የሦስተኛ ክፍል ደብተር አደረግሽው።

ደብሪቱ፦ ፊደሌ ከመስመር በወጣ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ ይመቱኝ የነበሩት ማን ነበሩ?

ጋሽ ይመር፦ ቀስ አድርጌ ነበር የምመታሽ። ይሄን አንቺ ነሽ ያሰብሽው?

ደብሪቱ፦ እኔ ብሆን በኮራሁ። ማክሰኞ ዕለት ውባለም መጥታ ያዘዘችው ነው።

ጋሽ ይመር፦ ውባለም?

ደብሪቱ፦ ለአሻንጉሊቱ ባርኔጣዎን ሲያነሱለት ከኋላዎ ነበረች። ቤተሰቡን ሲጠይቁት ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። እዚሁ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሆና ነው የነገረችኝ። “አባዬ በራሱ አፍ ካልተናገረ እንዳትነግሪው” ብላ አስምላኛለች።

ጋሽ ይመር፦ ስለዚህ የዶሮ መኖውን ሆን ብለሽ ነው።

ደብሪቱ፦ ምን ላድርግ፣ ጥቁሩን ቀይ ብለውኝ እንኳ አምልጠውኛል።

ጋሽ ይመር፦ ቆይ። ታውቃለች ማለት ነው። እንግዲህ ሰርጉን ልታስተላልፈው ነው። አበቃ።

ደብሪቱ፦ ጣትዎን ወደ ላይ ይመልሱት። ጽሑፉም ከፍ ብሎ ነው የታተመው። ቁጥሩን ይፈልጉት።

ጋሽ ይመር፦ ይሄ “ጥ” ነው። “ር”። አንድ… ይሄ ሁለት ቀለበት የተደራረበው… ስምንት። ጥር አሥራ ስምንት።

ደብሪቱ፦ ቀኑ ተለወጠ?

ጋሽ ይመር፦ አልተለወጠም። ራሱ ነው።

ደብሪቱ፦ ሐዋሳም ትሄዳለች። ጋዜጣውን ማታ ማታ ለአባዬ በስልክ አነብለታለሁ፣ ክረምቱን እሱ እኛ ጋ ይመጣል ብላለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ ስሞቹን እርስዎ እንዲጽፉላት። ይሄ ናሙና ነው፣ ሌላውን አላተምኩም። እምቢ ካለ አትጨቅጭቂው፣ ጥቁሩን አትሚለት ብላኛለች።

ጋሽ ይመር፦ ጥቁሩንም ታውቃለች?

ደብሪቱ፦ የሚያንሸራትተውን እንደሚመርጡ አስቀድማ ነግራኛለች።

ጋሽ ይመር፦ የማን ልጅ ሆነችና። ግን ፊደሌ ሊንጋደድ ይችላል።

ደብሪቱ፦ ይንጋደድ።

ጋሽ ይመር፦ የተንጋደደ አልወድም።

ደብሪቱ፦ የእኔን የተንጋደደ ፊደል አንድ ዓመት ሙሉ ችለውታል።

ጋሽ ይመር፦ መስመሩ ጠብቧል። የእኔ “ጨ” ቦታ ይፈልጋል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር አስፊው።

ደብሪቱ፦ ይሰፋል።

ጋሽ ይመር፦ ያንን ጥቁሩን ደግሞ አንሺልኝ። ለሐዘን ቤት እንኳ አይሆንም።

ደብሪቱ፦ ቅድም “ካርድ ማለት ይሄ ነው” ብለውኝ ነበር እኮ።

ጋሽ ይመር፦ ቅድም ቀይ መስሎኝ ነው።

ደብሪቱ፦ ይሄው ብዕር። ናሙናው ላይ ይሞክሩት። የመጀመሪያው ካርድ ለማን ይሁን?

ጋሽ ይመር፦ ልብስ ሰፊው በር ላይ ለቆመው ለዚያ ኩሩ ሰውዬ። ከነቤተሰቡ።