ጥንብ አንሳ የሰፈረበት ዛፍ

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በታክሲ ስሄድ ከፊቴ አንድ አዛውንትና አንዲት ሴት ያወራሉ።

«የግቢዬን ዛፍ ነገ አስቆርጠዋለሁ። ጥንብ አንሳ ጎጆ ሠርቶበታል።»

«ጫጩት የለውም፣ አባባ?»

«አለው። ግን እሁድ ለልጄ ሽማግሌ ይመጣል። የጥንብ አንሳ ቤት ይበሉን?»

«ስሙን ያወጣንለት እኛ፤ እሱ ምን አጠፋ?»

«ጠበቃው ነሽ እንዴ?»

«እሱ ጥንቡን ባያነሳልን እኮ በቄራ በኩል አፍንጫችንን ሳንይዝ አናልፍም ነበር።»

«ቢሆንም ያስጠላል።»

«እኔም ቆሻሻ አንሺ ነኝ። ይኸው አጠገቤ ተቀምጠው ሲጫወቱ ምን ሆኑ?»

አዛውንቱ ሳቁ። «በይ እሺ፣ ጫጩቱ እስኪበር ይቆይ።»

የሰፈራችን ቆሻሻ አንሺ ስትመጣ ልጄን እየጎተትኩ ቤት የማስገባው እኔ፣ ልደታ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ በሴትየዋ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።