አብደላ ዓሣ የሆነ ዕለት

ምፅዋ ያለው ታላቅ ወንድሜ ደውሎ፣ «ጉልበታችን ሳያልቅ ና፤ ከባሕሩ ዳርቻ ቆመን አብረን ዓሣ እናጠምዳለን። ጥሩ የማጥመጃ ዘንግ ግን ይዘህ ና» አለኝ። እንግዲህ ስሙኝ! እዚህ ስደት አገር አብሮኝ ያለውን አብሮ አደጋችንን አብደላን ጭኜ፣ ከከተማችን ዳር ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ድራይቭ አደረግሁ። ሻጩ ውዱን ዘንግ አቀረበልኝ፤ እኔ ርካሹን ያዝኩ። «እሱ ለሐይቅ ነው፤ የባሕር ዓሣ ይሰብረዋል» አለኝ። «ሳይፈተን ምኑ ይታወቃል?» ብዬ ሻጩን አስፈቅጄ ፓርኪንግ ወጣንና ክሩን አብደላ ቀበቶ ላይ አሰርኩት።

«በል አብዱ፣ ዓሣ ሁን!»

«ምን ዓይነት?»

«እንደ ቁመናህ!»

ያ ግመል የሚያህል ሰውዬ ፓርኪንጉን በሸፈነው በረዶ ላይ ተፈተለከ። ዘንጉ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ጫፉ ጫማዬን ሳመ፤ እኔን ከከተማው ወዲያ ማዶ እስከ ፍሪድሊ ጎትቶኛል ብላችሁ ቁጠሩት። ዘንጉ ግን አልተሰበረም! አብደላ ደክሞት በጀርባው ሲወድቅ፣ ክሩን እየጠቀለልኩ እያንሸራተትኩ እግሬ ሥር አመጣሁት። ሻጩ እየሳቀ፣ «ይሁን ውሰደው፤ ብቻ ከባሕር ስትመለስ ጨዉን በንጹሕ ውኃ እጠብለት» አለኝ።

ቤት እንደገባሁ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ዘንጉ ጠንካራ ነው?» አለኝ።

«አብደላን አውጥቷል።»

«አብደላን? በል ቶሎ ና፤ ጀልባ ልለምን፣ እሱን የሚያህል ዓሣ በእጅ ተሸክመን አንችልም!»